ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ ብሎኑም ይርዘም

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኮረብቶቹ ወደ ሸለቆው፣ ወደ ናኪቩቦ በኩል የሚወርድ እንግዳ ገና ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይቀበለዋል። ሥፍራው በመኪና መለዋወጫ ንግድ ስሙ የገነነው ኪሴካ ገበያ ነው። ለአንባቢያችን ቅርብ በሆነ ምሳሌ ለመናገር፣ ሶማሌ ተራ ለአዲስ አበባ መርካቶ ምን ማለት እንደሆነ፣ ኪሴካም ለካምፓላ እንደዚያው ነው። በሩ፣ መስተዋቱ፣ ካምቢዮው፣ እንደ እንጀራ የተነባበረው ቸርኬ ሁሉ በየፈርጁ ተደርድሮ ገዢውን ይጠብቃል። ዕቃውን የሚሸጠው፣ የሚፈታውና የሚገጥመው ሰው በአንድ ጠባብ ጎዳና ላይ ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ግን ይህ ሁሉ ክምር ሳይሆን፣ ቁመቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ለሁለት የተቆረጠ አንድ የጎማ ብሎን ነው። ብሎኑን በመሐረባቸው ቋጥረው ያሳዩን፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች በበዙበት በካባላጋላ ሠፈር የሚኖሩ አንድ የወሎ ተወላጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሲሆን፣ የሚተዳደሩትም ከእንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እያመላለሱ ነው። በእኚህ ሰውና በእንጀራቸው መካከል ያለችው አንዲት ሰባት ሰው የምትይዝ ቶዮታ ኢፕሰም ናት።

መኪናዋ፣ እንደ አብዛኞቹ የካምፓላ አውቶሞቢሎች ሁሉ፣ በጃፓን አገልግላ በሞምባሳ ወደብ በኩል የመጣች ነች። ዑጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ማሻሻያ ሕግ ከተሠሩ 15 ዓመት የሞላቸው መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ይሁንና ሕጉ አስቀድመው የገቡትን ከመንገድ አላስወጣም። ስለሆነም ባለንብረቱ ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገነ፣ እያሳመረ፣ ካንዱ የወለቀውን ለሌላው እየገጠመ ይኖራል። የእኚህም ሰው ነገር ከዚሁ የመነጨ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ከመጀመሪያዎቹ የብረት ቸርኬዎች ሰፋ ያሉ ያገለገሉ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በቅናሽ አግኝተው ገዙ። ሲገጠሙ ግን የፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን አሞርዛተሩን ያሽ ጀመር። የገጠመላቸውም ሰው «መላው ቀላል ነው» ብሎ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሥር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ አንድ ቀለበት አስገባ።

ቀለበቱ በባለሙያዎች ዘንድ ስፔሰር ይባላል። የአሉሚኒየም ወይም የብረት ክብ ዝርግ ሆኖ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በሞዞው ፊትና በቸርኬው ጀርባ መካከል ገብቶ ጎማውን በውፍረቱ መጠን ወደ ውጭ ያወጣዋል። በሁለቱም ጎን 10 ሚሊ ሜትር የገባ እንደሆነ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። ሥራው ይህ ብቻ ነው።

ሰዎች ይህን ቀለበት የሚሹበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ እንደ እኚህ ሰው የተሳሳተ ቸርኬ ገዝቶ ስሕተቱን ለመሸፈን ነው። የካምፓላ ወጣት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለመልክ ይፈልገዋል። በዑጋንዳ የመኪና እሽቅድምድም እንደ ኳስ ጨዋታ የሚወደድ ስፖርት ነው። የአፍሪካ ዕንቁ እየተባለ የሚጠራው ራሊ በሚካሄድበት ጊዜ በቀይ አቧራ ውስጥ የሚወነጨፉትን ሱባሩዎች ለማየት ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱዛን ሙዎንጌ የአገሪቱን የራሊ ሻምፒዮንነት ክብር የተቀዳጀች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ደስታው የከተማው ሁሉ ነበር። ታዲያ ወጣቱ የተወዳዳሪዎቹን መኪና አይቶ የራሱን አሮጌ ሱባሩ ጎማ ከፓራፋንጎው ጫፍ ጋር ለማስተካከል ይነሣል። የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በተወዳዳሪዎቹ ጎማ ላይ ከዳዶው አልፈው ብቅ ያሉት ረጃጅም ብሎኖች ጌጥ አይደሉም፤ ዳዶው ቶሎ እንዲይዝና ጥርሱም ሙሉ በሙሉ እንዲነክስ ተብለው የተተከሉ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ በቂ ምክንያት ያለውም አለ። በካምፓላ ጎዳናዎች የእርዳታ ድርጅቶችን ዓርማ ለጥፎ የሚታየው፣ በብዙ የአፍሪካ ጦር ሠራዊቶችም ዘንድ የታወቀው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ ጠንካራ መኪና ነው። በ2007 ስምንት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ለሚይዘው ዓይነት ቦታ ለማግኘት ሲባል የፊቱ አክስል እንዲሰፋ ሲደረግ የኋላው ግን በነበረበት ቀረ። በዚህም የተነሣ የኋላ ጎማዎቹ ርቀት ከፊተኞቹ 95 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። በአሸዋና በጭቃ ላይ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፈለግ ስለማይከተል ለራሱ ሌላ ቦይ ይቆፍራል። አንዳንድ ባለመኪናዎች ይህን ለማስተካከል በኋላ ጎማዎች ሥር ወፍራም ስፔሰር ያስገባሉ። እንዲህ ያለው ወፍራም ዓይነት የራሱ ብሎኖች የተተከሉበት ነው። በነባሮቹ ብሎኖች ከሞዞው ጋር ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ብሎኖች ላይ ይታሰራል። ጉድለቱ፣ የውስጠኞቹ ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ ስለሚሰወሩ ጎማው ካልወለቀ በቀር ሊፈተሹ አለመቻላቸው ነው።

ወደ ወሎዬው ጉዳይ እንመለስ። ቀለበቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿን ከእንቴቤ አሳፍረው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በተመረቀው የካምፓላና የእንቴቤ የፍጥነት መንገድ ሲመጡ መሪው በእጃቸው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ መንገዱ መሰላቸው። ቆይቶም ከፊት በስተግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማቸው። ፍጥነታቸውን ቀስ በቀስ ቀንሰው ዳር ይዘው ወረዱ። ሁለት ዳዶዎች በእጅ የሚዞሩ ሆነው አገኟቸው፤ የሦስተኛው ብሎን ከነዳዶው ተቆርጦ ጠፍቷል። በመሐረብ የቋጠሩት ስብርባሪ ኋላ ከሞዞው ላይ የወጣው ቀሪው ግማሽ ነው። ጎማውን ይዘው ያቆዩት ሁለት ብሎኖች ብቻ ነበሩ። «ልጆቹ ከኋላ ይስቁ ነበር፤ ምንም አላወቁም» ሲሉ አጫወቱን።

ጥፋቱ የማን ነው? ቀለበቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ነገሩን ለመረዳት ብሎን በጎማ ላይ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጎማው በብሎኖቹ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ይመስለዋል። እውነቱ ይህ አይደለም። በአህያ ጀርባ ላይ ያለ ጭነት የሚጸናው በጠፍሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ጠፍሩ ከጀርባዋ ጋር አጥብቆ ስለሚያጣብቀው ነው። ብሎንም እንደ ጠፍሩ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በመጠኑ ይወጠራል፤ ውጥረቱም ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር ያጣብቀዋል። በተራ የቶዮታ አውቶሞቢል ላይ ዳዶው በተወሰነለት በ103 ኒውተን ሜትር ኃይል ሲጠብቅ፣ አንዱ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በተለመደው ስሌት አራት ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የሚስተካከል ጭነት ይጫናል። መኪናውን የሚሸከመው በዚህ ጭነት የተጣበቁት የሁለቱ ፊቶች ሰበቃ ነው። ጠፍሩ የላላ ጭነት ግን በየእርምጃው ይወዛወዛል፤ እየተወዛወዘም ጠፍሩን ራሱን ይበጥሰዋል። ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አምስት መቶ ጊዜ ያህል ይዞራል። የላላ ብሎን በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይታጠፋል። ከእንቴቤ እስከ ካምፓላ ያለውን ርቀት አንባቢው ራሱ ያስላ።

ቀለበቱ በገባበት ዕለት የተፈጸመውን ስሕተት ደግሞ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የዚህ ዓይነት ብሎን ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር እርምጃ ያለው ስለሆነ ዳዶው በአንድ ዙር የሚገባው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ ዳዶው አሥር ዙር ይነክስ ከነበረ፣ 15 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይዞ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ላይ ቀለበቱ 10 ሚሊ ሜትር ሲበላ የቀረው ሦስት ዙር ከሲሶ ያህል ብቻ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ያለው ልማድ ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ ይንከስ ይላል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ ይህ ስምንት ዙር ነው። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን ብሎኑ መርዘም ነበረበት። አልረዘመም።

ባለመኪናው ከአደጋው በኋላ ወደ ሌላ ጋራዥ ሲሄዱ እኛም አብረን ሄድን። የጋራዡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ዑጋንዳዊ ሲሆኑ፣ ከረዳቶቻቸው አንዱ በሶማሌ ተራ ሥራ የተማረ የአገራችን ልጅ ነው። ወጣቱ የተቆረጠውን ብሎን በመዳፉ ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ ወደ ባለመኪናው ዞሮ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ይህን የሠራልዎት ሰው ዳዶው ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥሮ ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ እሱም ቸኩሎ፣ እኔም ቸኩዬ! መፍቻው እስኪጮኽ ድረስ አጥብቆታል። ከዚያ ወዲያ እኔ ምን ዐውቃለሁ?»

«ማጥበቁ አይደለም ጋሼ፣ የነከሰው ጥርስ ነው ያነሰው። ሦስት ጥርስ ላይ ባጠበቁት ቁጥር ጥርሱን ነው የሚልጡት።»

ሽማግሌው በበኩላቸው ከሁሉ አስቀድመው የሰጡት ምክር ቸርኬዎቹን ሸጦ ለመኪናዋ ልክ የሆኑትን መግዛት እንደሚሻል ነበር። በቸርኬ ጀርባ ላይ ኢቲ ከሚሉ ፊደላት ጋር የሚቀረጸው ቁጥር፣ ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው መሀል መሥመር በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል። ይህን ቁጥር አንብቦ የገዛ ሰው ቀለበት አያሻውም። ምክራቸው ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ አልቋል፤ አሮጌዎቹም ቸርኬዎች ተሸጠዋል። ስለዚህ ሥራው በሥርዓቱ እንዲሠራ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ቀለበት ተጣለ። ምክንያቱን ወጣቱ በጣቱ አሳየን። በሞዞው መሀል ላይ ቸርኬው ተሰክቶ መሀሉን የሚያገኝበት ብቅ ያለ ክብ ከንፈር አለ፤ በዚህ መኪና ላይ የከንፈሩ ወርድ 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። የተጣለው ቀለበት ከንፈሩን ሸፍኖ በፊቱ ላይ የራሱ ከንፈር የሌለው ስለነበረ ቸርኬው መሀሉን አጥቶ በብሎኖቹ ብቻ ይመራ ነበር። አዲሱ ቀለበት ከጀርባው በሞዞው ላይ ልክክ የሚል፣ ከፊቱ ደግሞ ቸርኬውን የሚቀበል የራሱ ከንፈር ያለው ሆነ።

ብሎኖቹን በሚመለከት ክርክር ተነሣ። አንድ ጎረቤት ሠራተኛ በካትዌ ሠፈር ቶርኖ ቤት በርካሽ ሊቀረጹ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረበ። የካትዌ ብረት ሠራተኞች ብልሃት በመላ ካምፓላ የተመሰከረለት ነው፤ ምድጃውም በሩም መሣሪያውም ከእጃቸው ይወጣል። ሽማግሌው ግን እምቢ አሉ። የጎማ ብሎን የሚሠራው በእሳትና በማቀዝቀዝ ከጠነከረ ብረት ነው። 10.9 የሚል የጥንካሬ መለያ ያለው ብሎን በካሬ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ኒውተን ገደማ ይቋቋማል። ከተራ የግንባታ ብረት የተቀረጸው ግን መልኩ ያው ሆኖ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ነው። ስለሆነም ፋብሪካ ሠራሽ የሆኑ፣ ከነባሮቹ በ15 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ብሎኖች ተገዙ። ሲገዙም ርዝመቱ ብቻ አልታየም። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለው፣ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ተጨንቆ የሚቀረው ባለመሥመር አንገት ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር በልዩ መለኪያ ተነጻጸረ። ከቀጠነ ብሎኑ አብሮ ይዞራል፤ ከወፈረ ሞዞውን ይሰነጥቃል።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በድጋፍ ላይ ተቀመጠች፤ የኋላ ጎማዎቿም በድንጋይ ተጠበቁ። የፍሬኑ መያዣ ተፈትቶ በሽቦ ተንጠለጠለ እንጂ በጎማ ቱቦው ላይ እንዲንጠለጠል አልተደረገም። ዲስኩ ወለቀ። አሮጌዎቹ ብሎኖች ወደ ኋላ ተገፍተው የወጡት በመዶሻ ሳይሆን በመግፊያ ነው፤ የመዶሻ ምት የኩሽኔታውን ኳሶች ያበላሻልና። ችግሩ አዲሱን ማስገባቱ ላይ ነበር። ረጅሙ ብሎን በሞዞውና ከኋላው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል አላልፍ አለ። ሽማግሌው ሞዞውን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ክፍት ቦታ ፈለጉ፤ ቆርቆሮውንም በመጠኑ አጠፉት። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ሮንዴላዎች ተደራርበው በተራ ዳዶ እየተሳበ ራሱ ከሞዞው ጀርባ ጋር እስኪገጥም ድረስ ተጎተተ። ወጣቱ እያንዳንዱን ራስ ከኋላ በጣቱ እየዳሰሰ ክፍተት አለመኖሩን አረጋገጠ። በሳሳ የገባ ብሎን በኋላ በመንገድ ላይ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል።

ከዚያም የሞዞው፣ የዲስኩ፣ የቀለበቱና የቸርኬው ፊቶች በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈጉ። የዑጋንዳ ቀይ አፈር በዝናብ ጊዜ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ሲደርቅም እንደ ቀለም ይጋገራል። ይህ ቅርፊት በሁለት ብረቶች መካከል ሲቀር ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ቅርፊቱ ተፈጭቶ ይወጣና ውጥረቱ ይጠፋል። በጥርሶቹ ላይ ዘይት አልተቀባም። ዘይት የነካው ጥርስ በዚያው የመፍቻ ኃይል ከሚገባው በላይ ስለሚወጠር ነው።

ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎን ሳለ ወጣቱ የአሮጌውን ዳዶ ውስጥ በቀጭን ሽቦ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ዳዶዎቹ ጫፋቸው የተደፈነ፣ ቆብ መሰል ዓይነት ነበሩ። ረጅሙ ብሎን ቸርኬው ገና ሳይጠብቅ ከቆቡ ጣሪያ ጋር ይጋጭ ነበር። መፍቻው ይከብዳል፤ ሠራተኛውም ጠበቀ ይላል፤ ጎማው ግን ልል ነው። ያን ሳይለኩ ቢሄዱ ኖሮ የፊተኛው ታሪክ በአዲስ ብሎን ይደገም ነበር። ጫፋቸው ክፍት የሆነ ዳዶዎች እንዲመጡ ተላከ። አቀማመጣቸውም ታየ፦ ለብረት ቸርኬ የሚሆነው ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ዝርግ ሮንዴላና ለስላሳ አንገት ያለውን ይሻሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናስታውስ። ሁለት ቶን ተኩል በሚጭኑት በአሮጌዎቹ የአሜሪካ ወታደራዊ መኪናዎች ላይ የግራ ጎን ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ሲል እያጠበቀ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ጉልበቱ በበረታ ቁጥር ጥፋቱ ይብሳል።

በመጨረሻ ጎማው ተገጠመ። ዳዶዎቹ በእጅ ሲጀመሩ ወጣቱ ጮክ ብሎ ዙሩን ቆጠረ፤ አሥር ከገባ በኋላ ጎማው ጠበቀ። ሽማግሌው ልኩን የሚያሳየውን መፍቻ በ103 ላይ አድርገው ተራ በተራ ሳይሆን እየዘለሉ፣ በኮከብ ቅርጽ አጠበቁ። ባለመኪናው ደንበኛ ሊያመልጣቸው ስለነበረ ቸኮሉ። «ምፖላ ምፖላ፣ ሴቦ» አሏቸው ሽማግሌው፤ ቀስ በቀስ ጌታዬ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ቀለበቱ ያመጣው ሸክም በዚህ እንደማያልቅ አስረዱ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን በኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና እንደ ረጅም ዘንግ ይበረታል፤ መሪውም ጉድጓዱን ሁሉ ለእጅ ይናገራል። ኩሽኔታው ከወትሮው ቀደም ብሎ ቢጮኽ እንዳይገርማቸው ነገሯቸው። በጀርመን አገር ስፔሰር የሚገጥም ሰው ዕቃው የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት፤ በአብዛኛውም መኪናውን ማስመርመር ይጠበቅበታል። በዚያ ጋራዥ መርማሪው የሽማግሌው ዓይን ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ባለመኪናውን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ውስጥ ቆመው ዳዶዎቹን እንደገና እንዲያጠብቁ አዘው፣ መፍቻውን በውሰት ሰጧቸው። በማግሥቱ ወደ ጂንጃ የሚሄድ መንገደኛ ስለተገኘ እኛም በመኪናዋ ተሳፈርን። ሙኮኖን አልፈን፣ የማቢራን ደን ሰንጥቀን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወደሚወጣበት ሥፍራ ደረስን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የተመረቀው ባለገመድ ድልድይ ከፊታችን ይታያል። ባለመኪናው ድልድዩን ከመሻገራቸው በፊት ከመንገዱ ወጥተው ጎማው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፤ ከዚያም መፍቻውን አንሥተው ተንበረከኩ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ካሉት አሥር ዳዶዎች ስምንቱ አልተነቃነቁም። በግራው ጎማ ላይ ያሉት ሁለቱ መፍቻው ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ባለመኪናው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፈው በመሪው ፊት ሰኩት። መንገደኛው ለምን እንደቆሙ ሲጠይቃቸው «ጎማውን እያየሁት ነው፤ ስመለስም አየዋለሁ» አሉና ሞተሩን አስነሡ።